ጓደኛህ «ዘር ስጠን» ቢልህ
(በሬዲዮ የቀረበ ስብከት፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተዘጋጀ)

የዛሬው ርእሳችን ከመድረክ ላይ ብዙ ጊዜ አይሰማም። በሹክሹክታ ግን አለ። ስለዚህ ልጆቹን ወደ ውጭ ላኩና እናንተ ቀረብ በሉ።

እንዲህ እንበል። ሁለት ጓደኛሞች አሉ። በአንድ መዘምራን አገልግለዋል፣ አንዱ ለሌላው ሚዜ ሆኗል። አንደኛው ሦስት ልጆች አሉት። ሌላው ካገባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፣ ልጅ የለም። አንድ ማታ ከጸሎት ሲመለሱ ልጅ የሌለው ወንድም መንገድ ላይ ቆም ይልና፣ «አንድ ነገር ልለምንህ፣ እንዳትቆጣኝ። እኔ እንደማልወልድ አውቄዋለሁ። ከማላውቀው ሰው አንተ ትሻለኛለህ። ዘር ስጠን። ከሦስታችን በቀር ማንም አያውቅም» ይለዋል።

ምን ይመልስለት?

አጭሩ መልስ «አላደርገውም» ነው። ይሁን እንጂ «አላደርገውም» ብሎ ፊቱን አዙሮ የሄደ ሰው ግማሹን መልስ ብቻ ነው የመለሰው። ልመናውን እንቢ በል፣ ጓደኛህን ግን እንቢ አትበል። የዛሬው ትምህርታችን በሙሉ ይህ ነው።

ጥያቄው በብዙ መልክ ይመጣል

አንዳንዱ በግልጽ ከሚስቱ ጋር እንድትተኛ ይጠይቅሃል። አንዳንዱ «መኝታ የለበትም፣ ሐኪም ቤት ሄደህ ዘርህን ብቻ ስጥ» ይላል። አንዲት እህት ደግሞ ጓደኛዋን «እንቁላልሽን ስጪኝ» ወይም «ማሕፀንሽን አውሺኝ» ትላለች። ዕድሜዋ እየገፋ ትዳር ያላገኘች እህትም አለች፤ «ባል አልፈልግም፣ ልጅ ብቻ ስጠኝ፣ ምንም አልጠይቅህም» ብላ የምታምነውን ወንድም ትለምነዋለች። ባልየው ሳያውቅ ሚስት ብቻዋን የምትጠይቅበትም ጊዜ አለ፤ የአማት ምላስ አንገሽግሿት።

መልኩ ይለያያል፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። ሰው የልጅ ናፍቆት አቃጥሎት የሚያምነውን ሰው ደጅ መጥቷል።

በመጀመሪያ ልመናውን አትናቁ

ይህን የጠየቀህ ሰው ባለጌ አይደለም። በአብዛኛው የተሰበረ ሰው ነው። በእኛ አገር ትዳር ከተመሠረተ ገና ዓመት ሳይሞላ «ምነው ዝም አላችሁ?» ይባላል። በክልላችን በጉሙዝ ወገኖቻችን ዘንድ ለረጅም ዘመን የኖረ የልውውጥ ጋብቻ አለ፤ አንዱ እህቱን ለሌላው ሰጥቶ የእርሱን እህት ያገባል። እንዲህ ባለው ጋብቻ ሁለት ትዳሮች በአንድ ገመድ ይታሰራሉ። በአንደኛው ቤት ልጅ ሲጠፋ ጭንቀቱ ወደ ሌላኛውም ቤት ይሻገራል። በሌላውም ማኅበረሰብ ቢሆን ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ «ሌላ አግባ» የሚል ምክር ይመጣል።

ችግሩም የጥቂት ሰዎች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች 1ዱ በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል ብሏል። በምትሰበሰቡበት ጉባኤ ውስጥ መቶ ጎልማሶች ካሉ፣ ይህን ሸክም የተሸከሙ ከጎናችሁ ተቀምጠው እየዘመሩ ነው ማለት ነው።

አጋርን ማን ጠየቃት?

ዘፍጥረት ምዕራፍ 16ን ክፈቱ። አብራምና ሦራ በከነዓን 10 ዓመት ተቀምጠዋል፤ ልጅ የለም። የእግዚአብሔር ተስፋ ዘገየባቸው። ሦራ መፍትሔ አመጣች፦ ግብፃዊት አገልጋይዋን አጋርን ለባሏ ሰጠች። በዘመኑ ባህል ነውር አልነበረም። ሦራም ክፋት አስባ አላደረገችውም። ልጅ ፈልጋ ነው።

ምዕራፉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሦራ ተናገረች፣ አብራም ሰማ። አጋርስ? እሺ ስትል ወይም እንቢ ስትል አንሰማም። የጠየቃት የለም። ከፀነሰች በኋላ ግን ቤቱ ተናወጠ። አጋር እመቤቷን ናቀች፣ ሦራ ባሏን ወቀሰች፣ አብራም እጁን አወጣ፣ ነፍሰ ጡሯ ወደ ምድረ በዳ ሸሸች። ዘመን አልፎ ይስሐቅ ሲወለድ ደግሞ በምዕራፍ 21 ላይ እስማኤል ከእናቱ ጋር በጥቂት እንጀራና በአንድ አቁማዳ ውኃ ከቤት ወጣ። አብርሃም ልጁን ይወደው ነበር፤ ነገሩ እጅግ አስጨንቆታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

እግዚአብሔር እስማኤልን አልጣለውም። የብላቴናውን ድምፅ ሰማ፣ ባረከው፣ ታላቅ ሕዝብ አደረገው። አጋርንም በምንጭ አጠገብ አግኝቷት በስሟ ጠራት። በዚያ ቤት ማንም ሳይጠይቃት የተሰጠችውን ሴት የጠየቃት እግዚአብሔር ነው፤ ከወዴት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ።

ወንድሜ፣ ጓደኛህ ያን ልመና ሲያቀርብልህ «ሦስታችን ብቻ» ብሏል። እስቲ ቁጠር። እርሱ አለ፣ ሚስቱ አለች፣ አንተ አለህ። የአንተ ሚስትስ? የሚወለደውስ ልጅ? የሚስማሙት ሦስት ናቸው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ግን አምስት ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ሕፃኑን መጠየቅ አይቻልም። ደግሞ የጓደኛህ ሚስት ራሷ በልቧ ተስማምታለች ወይስ ትዳሯ እንዳይፈርስ ፈርታ ዝም ብላለች? ሚስት የምትዋስ ዕቃ አይደለችም።

«ሙሴ ፈቅዶ የለም ወይ?»

መጽሐፍ የሚያነቡ አንዳንዶች ዘዳግም ምዕራፍ 25ን ይጠቅሳሉ። እዚያ ላይ ወንድሙ ልጅ ሳይወልድ የሞተበት ሰው የወንድሙን ሚስት አግብቶ ለሟች ስም እንዲያቆም ታዝዟል። በአገራችንም በብዙ ቦታ የሟችን ሚስት የመውረስ ልማድ ነበር፤ ዛሬም ያልጠፋበት አለ። «ታዲያ ለሟች ከተፈቀደ በሕይወት ላለው ጓደኛ ምን ከለከለ?» ይላሉ።

ልዩነቱን ልብ በሉ። አንደኛ፣ በዘዳግም ላይ ባልየው ሞቷል። በሕይወት ያለ ባል ሚስትማ በዘሌዋውያን 18፥20 በግልጽ ተከልክላለች፤ ባል ስለፈቀደ የሚነሣ ክልከላ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሰውየው ዘር ሰጥቶ የሚሄድ አልነበረም። ሴቲቱን ያገባታል፣ ያኖራታል። ሦስተኛ፣ በምስጢር የሚደረግ ነገር አልነበረም። እንቢ ካለ እንኳ ጉዳዩ በከተማው በር፣ በሽማግሌዎች ፊት ነው የሚታየው። ልጁ የማን ስም እንደሚሸከም አገር ያውቃል። እንግዲህ የዘዳግም ሕግ ለጨለማ ስምምነት ምስክር ሊሆን አይችልም።

«መኝታ የለበትም» ለሚሉስ?

ይህ ጥያቄ ከበድ ይላል፤ በጥንቃቄ እንየው። በሐምሌ 1970 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከሰውነት ውጭ በሕክምና በተደረገ ፅንስ የመጀመሪያዋ ሕፃን ተወለደች። ከዚያ ወዲህ ይህ ሕክምና በዓለም ተስፋፍቷል። በአገራችንም በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሚስት በርከት ያሉ እንቁላሎች እንዲጎለምሱ መድኃኒት በመርፌ ትወስዳለች፤ እንቁላሎቹ ይወሰዳሉ፤ በላቦራቶሪ ከባልየው ዘር ጋር ይገናኛሉ፤ ፅንሱ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ወደ ማሕፀኗ ይገባል።

ባልና ሚስት በራሳቸው ዘርና በራሳቸው እንቁላል ቢታከሙ ኃጢአት አይደለም። ሕክምና የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። ስንት ፅንስ እንደሚዘጋጅና የተረፈው ምን እንደሚሆን ግን ከመጀመራቸው በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ፅንስ ሕይወት ነውና።

የጓደኛ ዘር ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። እርግጥ ነው ዝሙት ፈጽመዋል አንልም። ነገር ግን እግዚአብሔር ሁለቱን አንድ ሥጋ ባደረገበት ቦታ ሦስተኛ ሰው በደሙ ገብቷል። ያ ሰውም እንግዳ አይደለም። በየሳምንቱ በጉባኤ የምታገኘው፣ ልጁን ባየህ ቁጥር ፊቱን የምታይበት ጓደኛህ ነው። ልጁ ሲታመም ልብህ ምን ይላል? አባቱ ሲቀጣው አንተ ምን ይሰማሃል? ነገ ሁለታችሁ ብትጣሉስ? ሐኪም ቤቱ መኝታውን ያስቀር ይሆናል፤ አባትነትን ከልብ ማውጣት ግን አይችልም።

ምስጢሩን የሚሸከመው ልጁ ነው

«ሆድ ይፍጀው» ብላችሁ ተማማላችሁ እንበል። በአማራው ባህል ለጋብቻ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በኦሮሞውም ጎሳ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ወንድምና እህት ሳይተዋወቁ እንዳይጋቡ ነው። አሁን አስቡት፦ የአንተ ሴት ልጅና የጓደኛህ ወንድ ልጅ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ያድጋሉ፣ በአንድ መዘምራን ይዘምራሉ። ሃያ ዓመት ሲሞላቸው «ተዋደናል፣ ባርኩን» ብለው ቢመጡ ማን ምን ይናገራል? ዝም ብትሉ አባት ለአንድ የሆኑ ልጆች ይጋባሉ። ብትናገሩ ደግሞ ልጁ የገዛ ታሪኩን በሽምግልና ፊት ይሰማል።

ሕጉም መታወቅ አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተፀነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ይላል። ስለዚህ ጓደኛሞቹ በቃል የተስማሙት ሌላ፣ በሕግ ዘንድ ያለው ሌላ፣ በልጁ ደም ውስጥ ያለው ሌላ ይሆናል። አንድ ሕፃን በሦስት እውነት መካከል ይቆማል። ያላገባችው እህት «ምንም አልጠይቅህም» ስትልም ስለ ራሷ ብቻ ነው ቃል የገባችው። ልጁ ግን ይጠይቃል። «አባቴ ማነው?» ማለት መብቱ ነው።

ታዲያ ጓደኛ ምን ያድርግ?

እንዲህ ብለህ ጀምር፦ «ወንድሜ፣ ይህን ያህል ስላመንከኝ አመሰግንሃለሁ። ይህን ግን አላደርግም። ለአንተም፣ ለሚስትህም፣ ለሚወለደውም ልጅ ስል አላደርግም። ሰኞ ጠዋት ግን ሆስፒታል አብሬህ እሄዳለሁ።» ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ።

«አስብበታለሁ» ብለህ አታንጠልጥለው። ገመናውንም ለሌላ አታውራ። ከሚስትህ ተደብቀህ የምትፈጽመውን ምንም ዓይነት ቃል አትግባ።

ቀጥሎ ጠይቀው፦ «እንደማትወልድ ማን ነገረህ?» ብዙ ጊዜ መልሱ «ዘጠኝ ዓመት ሆነን እኮ» ነው። በምርመራ የታወቀ ነገር የለም። ሐኪሞች የመውለድ ችግር አለ የሚሉት ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አዘውትረው እየተገናኙ 12 ወር ሞልቶ ፅንስ ካልተገኘ ነው፤ ሚስት ከ35 ዓመት በላይ ከሆነች ከ6 ወር በኋላ መመርመር ይመከራል። «አዘውትረው እየተገናኙ» የሚለው ቃል ይሰመርበት። ባል ወርቅ ቁፋሮ ወርዶ ለወራት የሚቆይ ከሆነ፣ ሴት በወር ውስጥ የምትፀንስባቸው ቀናት ጥቂት ናቸውና ዓመታቱን ብቻ ቆጥሮ «መካን ነን» ማለት አይገባም።

ሁለቱም ይመርመሩ። ችግሩ ከሚታይባቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ አለበት፤ እኛ ግን ሚስትን ብቻ ከሐኪም ወደ ሐኪም እናንከራትታለን። የወንድ ምርመራ ቀላል ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሹ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ቁጥሩ፣ እንቅስቃሴው፣ ቅርጹ። ውጤቱ ዝቅ ቢል እንኳ በአንድ ጊዜ አይፈረድም፣ ይደገማል። ዘር ለመሠራት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። በክልላችን ወባ ብዙ ነው፤ ከባድ ትኩሳት ይዞት የነበረ ሰው ለጥቂት ወራት ዘሩ ሊቀንስ ይችላል። ሲጋራና መጠጥም ይጎዳሉ። በጉርምስና ጊዜ የያዘ ጆሮ ደግፍ፣ በፍሬ ዙሪያ ያበጠ የደም ሥርም ምክንያት ይሆናሉ።

በሴቷ በኩል እንቁላል በጊዜው አለመውጣት አለ፤ ይህ ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ይታከማል። የቱቦ መዘጋትም አለ። ያልታከመ ጨብጥና ክላሚዲያ፣ ከወሊድ ወይም ከውርጃ በኋላ የመጣ ኢንፌክሽን ቱቦን ይዘጋሉ። ምርመራውን በአሶሳ ሆስፒታል ጀምሩ፤ ከዚያ ሐኪሙ ወደሚበጀው ይልካል። ዘሩ እጅግ ጥቂት ለሆነ ሰው እንኳ በአንድ የዘር ፍሬ አንድን እንቁላል በላቦራቶሪ ማስፀነስ የሚቻልበት ሕክምና ዛሬ አለ። እንግዲህ ጓደኛህ ዘር ልመና የወጣው የራሱን ሳያውቅ ሊሆን ይችላል!

ወጪው ከባድ ነው፤ ከአሶሳ አዲስ አበባም ሩቅ ነው። እዚህ ላይ ነው ጓደኝነትና ቤተ ክርስቲያን የሚፈተኑት። ለሠርግ የምናዋጣ ሰዎች ለዚህም ማዋጣት እንችላለን።

ሌላም ደጅ አለ። ጉዲፈቻ ቃሉ ራሱ ከኦሮሞ ወገኖቻችን የወረስነው ነው። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ጉዲፈቻ የሚያደርግ ሰው 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት ከሆኑ ከሁለቱ አንዳቸው 25 ከሞሉ ይበቃል፣ ስምምነቱንም ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ተከልክሏል፤ ስለዚህ ወላጅ ያጡ ልጆቻችን የሚመለከቱት እኛን ነው። ጉዲፈቻ ከዘር ልመና የሚለየው በዚህ ነው፦ በአደባባይ ይደረጋል፣ ልጁም እውነቱን እያወቀ ያድጋል። ሙሴ በጉዲፈቻ አደገ። አስቴርን መርዶክዮስ አሳደጋት። ጌታችንም በዮሴፍ ቤት አደገ።

አስቀድሞ የሆነ ከሆነ

ይህን እያነበበ «ለእኔ ዘግይቷል» የሚል ይኖራል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ልጁ ጥፋት አይደለም። እግዚአብሔር ያየው፣ የሚወደው ነፍስ ነው። ልጁን አታርቁት። በአደባባይም አትጩኹ። ለምትተማመኑበት መጋቢ ወይም ሽማግሌ ገመናውን አውጡ፤ ትዳሮቹን በንስሐና በይቅርታ አድሱ፤ ልጁም እውነቱን ከወሬ ሳይሆን ከእናንተ የሚሰማበትን ጊዜና መንገድ በምክር አዘጋጁ።

ለጉባኤው አንድ ቃል

ወገኖች፣ ሰውን ወደዚህ ልመና የሚገፋው ማነው? እኛም አለንበት። በር ላይ ሰላምታ ስንሰጥ «ጌታ ማሕፀንሽን ይክፈት» ብለን በሰው ፊት እንጮኻለን። «በሚመጣው ዓመት በዚህ ጊዜ ልጅ ታቅፋለሽ» ብለን እግዚአብሔር ያልተናገረውን እንናገራለን፤ ዓመቱ ሲሞላ ግን ማናችንም ሄደን ይቅርታ አንጠይቅም። በእናቶች ቀን «ልጅ ያላችሁ ተነሡ» እንላለን፤ ተቀምጣ የቀረችው ወዴት ትይ? ሐና በመቅደስ ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ነበር። እኛም እንደ ዔሊ ቸኩለን አንፍረድ።

እውነቱንም እንናገር። የሚጸልዩ፣ የሚታከሙ፣ የሚጾሙ ሁሉ ልጅ አይወልዱም። ለእነርሱ ወንጌል ምን አለው?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናነበውን ኢትዮጵያዊ ሁላችንም እንወደዋለን። በስሙ እንኮራለን። ያ ሰው ግን ጃንደረባ ነበር። ልጅ ሊወልድ አይችልም። በሠረገላው ተቀምጦ የሚያነበው ኢሳይያስን ነበር፤ ፊልጶስ ሲደርስ ምዕራፍ 53 ላይ ነበር። ጥቂት ወረድ ብሎ በምዕራፍ 56 እግዚአብሔር ለጃንደረቦች ተስፋ ሰጥቷል፦ በቤቱ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ፣ የማይጠፋ ስም ይሰጣቸዋል። ያ ሰው ተጠምቆ ደስ ብሎት መንገዱን ሄደ። ዘር አልተወም፤ ስሙ ግን ይኸው ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስከ አሶሳ ድረስ ይነገራል።

ይህ ስም ለጓደኛህም አለ። አንተ ዘርህን ሰጥተህ ልታቆምለት የማትችለውን ስም እግዚአብሔር በቤቱ ያቆምለታል። የአንተ ድርሻ እስከዚያ ድረስ፣ ልጅ ቢመጣም ባይመጣም፣ ከአጠገቡ አለመለየት ነው።

ጌታ በናፍቆት ያሉትን ያጽናና፤ እኛንም ታማኝ ወዳጆች ያድርገን። አሜን።